በፈቃድ መታከም መሣሪያ አያስነጥቅም

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2004 በኦሃዮ ዋና ከተማ በኮሎምበስ፣ አልሮሳ ቪላ በተባለ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ጊታር ተጫዋቹ ዳይምባግ ዳሬል መድረክ ላይ ሳለ በጥይት ተገደለ፤ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ሞቱ። ተኳሹ ከአሜሪካ ማሪን ጦር የተሰናበተ ወጣት ሲሆን፣ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ተገኝቶበት እንደነበር እናቱ ተናግረዋል።

እንዲህ ያለ እልቂት በደረሰ ቁጥር «ሕሙማኑ ለምን አልተመዘገቡም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መዝገብ አለ፤ የሚይዘው ግን ብዙዎች ከሚያስቡት እጅግ ያነሰ ነው። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ መሣሪያ የሚከለክለው የዳኝነት አካል ውሳኔ የሰጠበትን ወይም ያለ ፈቃዱ የአእምሮ ሕክምና ተቋም እንዲገባ የታዘዘውን ሰው ነው። በኦሃዮ የእንዲህ ያለውን ሰው ስም የፕሮቤት ፍርድ ቤት ዳኛ ወይም የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም በ7 ቀናት ውስጥ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው ከንቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰዎችን የገደለው ተማሪ፣ ዳኛ እንዲታከም አዞት ሳለ፣ ስሙ ወደ ፌዴራሉ መዝገብ ባለመላኩ ሽጉጥ መግዛት ችሏል።

ይሁን እንጂ የሐኪም ምርመራ ብቻውን ማንንም መዝገብ ውስጥ አያስገባም። በፈቃዱ ሆስፒታል የተኛ፣ ለክትትል ብቻ የቆየ፣ የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙ አይተላለፍም። ይህን አለማወቅ በኢትዮጵያውያን ቤት ዋጋ ያስከፍላል። ሕመሙ እንደ ነውር በሚሸሸግበት፣ ፀበል ከተሞከረ በኋላ እንኳ ሐኪም በሚፈራበት ቤት፣ መሣሪያ ታጥቆ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር አባወራ «እንጀራዬን አጣለሁ» ብሎ ዝም ቢል አያስደንቅም።

ዝምታው የሚያሰጋው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ራሱን ነው። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። መዝገቡ የሚጠየቀው መሣሪያ ሲገዛ በመሆኑ፣ አስቀድሞ ቤት ውስጥ ያለውን ሽጉጥ አያይም። ቤተሰብ ሲያመለክት ዳኛ መሣሪያውን ለጊዜው እንዲያስነሣ የሚፈቅድ ሕግ ኦሃዮ የላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዴይተን 9 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ አገረ ገዥው ማይክ ደዋይን ያቀረቡት ተመሳሳይ ሐሳብ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል።

እስከዚያው ሥራው የቤተሰብ ነው፦ ሽጉጡን መቆለፍ፣ ጥይቱን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ጭንቀቱ ሲበረታ በ988 መደወል። የኮሎምበስ ክሊኒኮችም ማን እንደሚመዘገብና ማን እንደማይመዘገብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጽፈው በእንግዳ መቀበያቸው ሊለጥፉ ይገባል።