«ነፃ» የተባለው ጨዋታ ዋጋው ስንት ነው?

ልጃችሁ «እማዬ፣ ይኼ ጨዋታ እኮ ነፃ ነው» ብሎ ስልካችሁን ሲቀበላችሁ ዋሽቷችሁ አይደለም። ጨዋታውን ወደ ስልኩ ለማውረድ አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። ገንዘቡ የሚጠየቀው ቆይቶ፣ ልጁ ከለመደና ጓደኞቹን እዚያው ካገኘ በኋላ ነው።

ይህ ዘዴ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ «ክለብ ፔንግዊን» የተባለ የሕፃናት ጨዋታ በኢንተርኔት ተከፍቶ ነበር። ሕፃኑ ፔንግዊን የተባለችውን የበረዶ አገር ወፍ ሆኖ እየዞረ ይጫወታል፤ ይህ በነፃ ነው። ወፏን ላልብሳት፣ ቤቷን ላሳምርላት ያለ ዕለት ግን ወላጁ በየወሩ የአባልነት ገንዘብ እንዲከፍል ይጠየቃል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያልተከፈለለት ልጅ አትጫወት አልተባለም፤ በለበሱት መካከል ሳይለብስ እንዲዞር ነው የተደረገው። ለዒድ ወይም ለእንቁጣጣሽ ልብስ ያልተገዛለትን ልጅ ፊት ያየች እናት ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋትም። ዲስኒ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጨዋታውን በ1999 ዓ.ም. በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2009 ዓ.ም. ሲዘጋ የተከፈለበት ልብስና ቤት ሁሉ አብሮ ጠፋ።

ዛሬ ቦታውን ሮብሎክስ፣ ፍሪ ፋየርና የመሳሰሉት ይዘውታል። አንዱ ገንዘቡን «ሮበክስ» ይለዋል፣ ሌላው «አልማዝ»። ብር ተብሎ ቢጠራ ልጁም ባመነታ ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል? ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ሰንበቴ ገበያ ስትሸጥ ውላ የምትገባ እናት ገንዘቧ እንደ ድሮው በመቀነቷ ብቻ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልኳም ቦርሳ ሆኗል። መልእክቱን የሚያነብላት፣ ሂሳቡን የሚልክላት ማን ነው? ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የገባው ልጇ ነው፤ የምስጢር ቁጥሩንም ያውቀዋል። የእናቱን መቀነት ፈትቶ ገንዘብ ለመውሰድ እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ ስልክ ላይ አራት አምስት ጊዜ ቁልፍ መጫን ስርቆት አይመስለውም።

ሁለተኛው በር ከዓረብ አገር የሚመጣው ስልክ ነው። እኅት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ስልክ በስሟ እንደተከፈተ፣ የባንክ ካርዷም እንደተመዘገበበት ከደረሰ፣ ታናሽ ወንድሟ በጨዋታ የገዛው ሁሉ ከእርሷ ደመወዝ ይቆረጣል።

አሜሪካ ውስጥ «ፎርትናይት» የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ፣ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ በቀላሉ እንዲገዙ አድርጓል ተብሎ ስለተከሰሰ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. 245 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመለስ ተስማምቷል። የከሚሴ እናት ግን እንዲህ ያለ ካሣ ስትጠብቅ መክረም የለባትም።

ቴሌብር በአፋን ኦሮሞም ስለሚሠራ በምትናገሩት ቋንቋ እንዲስተካከልላችሁ አድርጉና የምስጢር ቁጥሩን ራሳችሁ ለውጡ። ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ጓደኞቹ ምን እንዳላቸውና እርሱ ምን እንደጎደለው ጠይቁት፤ መልሱ ከጨዋታው የበለጠ ያስተምራችኋል። ስልክ የምትልክ እኅት ካለችም ካርዷን ከስልኩ ላይ አጥፍታ እንድትልክ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ እንድታደርግ ንገሯት። ስልኩ አስቀድሞ መጥቶ ከሆነ ዛሬ ማታ ደውሉላት።