በአማካይ ዝናብ ከተማ አይታቀድም

ጅቡቲ ከተማ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ግን የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወርዶ እስከ 250 ሺህ ሰው ለጉዳት ተዳረገ። በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ደግሞ የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። አማካዩን ብቻ ይዞ የሚጻፍ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ለእንዲህ ያለች ከተማ ምን ይረባታል?

አምቡሊ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። የሚሞላው ከላይ፣ በአርታ ተራሮች በሚጥለው ዝናብ ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን ማረፊያው የተለካው ዝናብ ብቻውን ወደ ከተማዋ የሚመጣውን ጎርፍ አይነግረንም። በየሰዓቱ የሚመዘግቡ የዝናብና የፍሰት መለኪያዎች ሸለቆው ውስጥ መተከል አለባቸው። የከተማዋ የውኃ ጉድጓዶችም ጨዋማነት በየጊዜው ይለካ፤ ውኃው ያለ ልክ በተሳበ ቁጥር ባሕሩ ወደ ከርሰ ምድሩ ይገባልና። የሕዝብ መረጃም እንዲሁ ይጎድላል፤ ከ2001 ዓ.ም. ቆጠራ በኋላ ቀጣዩ እስከ 2016 ዓ.ም. 15 ዓመት ዘግይቷል፤ የከተማዋ ዳርቻ ባልባላ ግን ቆጠራ አልጠበቀችም፣ ሰፋች።

ለአንድ ፕሮጀክት የተሰበሰበ መረጃ በአማካሪዎች ሪፖርት ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም። ፈቃድ ሲሰጥ ጥሬ መረጃው ለሕዝብ ይከፈት። ወደቡ የኢትዮጵያ ዋና በር ነው፤ በኢትዮጵያ ካለው አዲጋላ የሚነሳው ቧንቧም ለጅቡቲ ከተማ ውኃ ያደርሳል። ስለዚህ አዲስ አበባም የመለኪያዎቹን ወጪ ትጋራ።