ሰጋቱራው የት ይሂድ?

ባለፈው ሳምንት ስለ መሮ አሳሳል ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ መሮው ስለሚያወጣው ነገር እንነጋገራለን። አዲሱ ቃላችን ይኸውላችሁ፦ ሰ-ጋ-ቱ-ራ። መጀመሪያ ፊደሎቹን ለየብቻ፣ ቀጥሎ አያይዛችሁ አንብቡ። ሰጋቱራ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ቶርኖ የሚለውም ቃል ከዚያው ነው የመጣው።

ቶርኖ እንጨቱን እንደ እንዝርት ያሾረዋል። ሠራተኛው መሮውን በብረቱ ላይ አስደግፎ ሲያስጠጋው እንጨቱ እየተላጠ ቅርጽ ይይዛል። የአልጋ እግር፣ የበርጩማ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ የሚወጣው በዚህ ዓይነት ነው። በግቢያቸው ጥግ፣ ወይም በሚያድሩበት ቤት ውስጥ ቶርኖ ተክለው የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችን ለነሱ ነው። ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸውም ነው፤ ያንኑ አየር ይተነፍሳሉና።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ከቶርኖ የሚወጣው አንዱ ፍቅፋቂ ነው፤ ሁለተኛው ብናኝ ነው። ፍቅፋቂው ይታያል። ፊት ይመታል፣ ወለሉን ይሞላል፣ ግን ወዲያው ይወድቃል። ብናኙ ግን ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ጠዋት ፀሐይ በበር ቀዳዳ ስትገባ በጨረሩ ውስጥ የሚጨፍረውን አቧራ አይታችሁታል? እሱ እንኳ የሚታየው ነው። ሚሊ ሜትርን 100 ቦታ ክፈሉት። ከ100ው አንዱን የሚያክለውና ከዚያም የሚያንሰው ብናኝ ነው ወደ ደረት ዘልቆ የሚገባው። ዓይናችን አያየውም። ስለዚህ «ቤቱ ጠርቷል» ብሎ ማስኩን ማውለቅ አያዋጣም።

ይህ ብናኝ ያስነጥሳል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ያፍናል። የባሰም አለ። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጋር መድቦታል። በተለይ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ያመጣል። እንዲህ ሲባል አናጢ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት በየቀኑ ብናኙን የሚተነፍሰው ሰው ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። አንዳንድ አባቶች «እኛ በዚህ ውስጥ ነው ያረጀነው፤ ምን አደረገን?» ይሉናል። እንዲህ የሚሉን የተረፉት ናቸው፤ ያልተረፉትን ማን ይጠይቃቸዋል? ደግሞም የጥድ ሽታ ደስ ይላል ብላችሁ አትዘናጉ። ጥሩ ሽታ ያለው ብናኝም ብናኝ ነው።

እንግዲህ ፍቅፋቂውን እንያዘው። እንጨቱ ሲዞር በላይ በኩል ወደ ሠራተኛው፣ በታች በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ መሮው የሚያነሳው ፍቅፋቂ ወደ ደረትና ወደ ፊት ይበተናል፤ የቀረው ወደ ጎንና ወደ ግድግዳው ይረጫል። ለፊት መከለያ ወይም ደህና መነጽር፣ ለልብስ አንገት ድረስ የሚደርስ ሽርጥ ያስፈልጋል። ለቀረው መጋረጃ ይበቃል። ከጣሪያው ሽቦ ወጥራችሁ አሮጌ ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ ከቶርኖው ጀርባና ከሁለቱ ጎኖች አንጠልጥሉ። ሰው የሚቆምበት ወገን ብቻ ክፍት ይሁን። መጋረጃው ከሚሽከረከረው እንጨት ቢያንስ ሁለት ክንድ ይራቅ፤ ከታች ጫፉ ላይ ጣውላ ይታሰርበት። አለዚያ ነፋስ ያመጣውና እንጨቱ ይጠቀልለዋል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ እጅጌ፣ ጓንትም ያው ናቸው። ቶርኖ ጨርቅ ከያዘ አይለቅም፤ እጅንም ይዞ ይሄዳል።

ከቶርኖው ሥር ቆርቆሮ በደንብ አጋድላችሁ ብታስቀምጡና መጨረሻው ላይ ጆንያ ብታደርጉ ግማሹ ሥራ ተሠራ። ፍቅፋቂው እየተንሸራተተ ጆንያው ውስጥ ይገባል። ይህን ያሳየን የአልጋ እግር የሚሠራ ሰው ነው እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣነው አይደለም።

ብናኙ ግን በመጋረጃ አይያዝም። እሱን ማሸነፍ የሚቻለው ከሁሉ በፊት እንዳይፈጠር በማድረግ ነው። የተሳለ መሮ እንጨቱን እንደ ድንች ልጣጭ ረጅም አድርጎ ያወጣዋል። የደነዘ መሮ ግን ይፍቃል፤ ዱቄት ያደርገዋል። እርጥብ እንጨትም ከደረቁ ያነሰ ይቦናል። ባለፈው ሳምንት ስለ አሳሳል ያን ያህል የጨቀጨቅናችሁ ለዚህ ጭምር ነው።

ትልቁ ብናኝ የሚነሳው በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ነው። ብዙ ሰው ወረቀቱን ከላይ ይይዛል። ከላይ ሲሆን ብናኙ ወደ አፍንጫ ይመጣል። ከእንጨቱ በታች በኩል ያዙት፤ ያኔ ብናኙ ወደ ኋላ ይሄዳል። እንግዲህ መሳቢያውን የምታስቀምጡት እዚያው ከኋላና ከታች ነው። የአቧራ መሳቢያ ማሽን ያለው ሰው የቱቦውን አፍ ወደዚያ ያስጠጋ። ነገር ግን በዚሁ ቱቦ ረጃጅሙን ፍቅፋቂ ልሳብ አትበሉ፤ ተጠላልፎ ቱቦውን ይደፍነዋል። ፍቅፋቂ ለጆንያ፣ ብናኝ ለቱቦ ነው። ደግሞ የማሽኑ ከረጢት ከጨርቅ ከሆነ ደቃቁ ብናኝ በጨርቁ ቀዳዳ ያልፍና ተመልሶ ቤት ይሞላል። ስለዚህ ማሽኑን ከቤት ውጭ አድርጉትና ቱቦውን ብቻ ወደ ውስጥ አስገቡ።

ማሽን የሌለውስ? ቶርኖውን ወደ መስኮት ያስጠጋ። መስኮቱ ላይ ቬንትሌተር ያድርግ፤ ነፋሱ ወደ ውጭ ይንፈስ። በሩን ይክፈት፤ አየሩ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይውጣ። ውጭ በኩል የጎረቤት ልብስ ማስጫ አለመኖሩን ግን አስቀድማችሁ እዩ። ቬንትሌተሩን ወደ ራሳችሁ ካዞራችሁት ብናኙን በቤቱ ሁሉ ትዘሩታላችሁ።

ማስክም ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ ሀገራችን ሲገባ ሁላችንም ማስክ ለመድን። ስሱ ማስክ በጉንጭ በኩል ክፍት ስለሆነ ለእንጨት ብናኝ አይበቃም። ነጠላ በአፍ ላይ መጠምጠም ደግሞ ለቶርኖ አደጋ ነው ብለናል። ኤን 95 የሚባለው በሚገባ ከገጠመ በአየር ላይ ካለው ብናኝ ከ100 እጅ ቢያንስ 95ቱን ያስቀራል። ጢም ካለ ግን አይገጥምም። ጢማችሁን ተላጩ ማለታችን አይደለም፤ ግን እወቁት።

ሥራው ሲያልቅ በደረቁ አትጥረጉ። እናቶቻችን ግቢ ሲጠርጉ አስቀድመው ውሃ ያርከፈክፋሉ። ቶርኖ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሞተሩንና የኤሌክትሪክ ገመዱን ብቻ ከውሃ ጠብቁ። ከዚያ በፊት ልብሳችሁን ውጭ አራግፉ። ሕፃን ልጅ አባቱን ሊያቅፍ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ልብሱ ሳይራገፍ ያቀፈው አባት የተሸከመውን ብናኝ ለልጁ ያካፍለዋል።

ስለ እሳት ሳንናገር አናልፍም። መሳያ ድንጋዩ ብልጭታ ይረጫል፤ ሰጋቱራ ካለበት አርቁት። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨምድዶ ሰጋቱራ ላይ ከተጣለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ከውስጥ ግሎ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሞልቶ የተቀመጠ ጆንያም ከምድጃ አጠገብ አይደር።

የተጠራቀመውስ ምን ይሁን? ንጹሑ ሰጋቱራ በቆርቆሮ ተጠቅጥቆ፣ መሐሉ ቀዳዳ ተትቶለት ለምድጃ ይሆናል። ፍቅፋቂው ለዶሮ ጉዝጓዝ ይሆናል። ለአትክልት የምትፈልጉት ከሆነ ብቻውን አታፍስሱት፤ ሲበሰብስ የአፈሩን ምግብ ይሻማልና ከከብት እበት ጋር ቀላቅላችሁ አሰንብቱት። ቀለም የተቀባ ወይም በማጣበቂያ የተሠራ እንጨት ሰጋቱራ ግን ለብቻው ይቀመጥ፤ እሱን ለምድጃም ለዶሮም አትስጡ።