ለጎብዬ ጭፈራ ጸሐፊ ይቀጠርለት

"እንግዳ ሊመጣ ነው" ሲባል አስፋልት ዳር ቀድሞ የሚቆመው ማን ነው? የጭፈራ ቡድኑ ነው። ፀሐይ ላይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። መኪኖቹ ሲደርሱ ይጨፍራል። አቧራው ሲበተን "እናመሰግናለን፤ ባህላችሁን ጠብቁ" ተብሎ ይሸኛል። በዚያው ቀን የድንኳኑ ባለቤት ይከፈለዋል። የሞንታርቦው ባለቤት ይከፈለዋል። ቪዲዮ ቀራጩም፣ ሥጋ አቅራቢውም ይከፈላቸዋል። በባዶ እጁ የሚመለሰው ላቡን ያፈሰሰው ብቻ ነው።

ለምን? "ባህል አይሸጥም" የሚሉ አሉ። ሰበብ ነው። እውነቱ ከዚህ ይቀላል፦ የድንኳኑ ባለቤት ውልና ደረሰኝ አለው፤ ጨፋሪው ግን የለውም።

ሰሞኑን ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት ተገኝቷል እየተባለ ነው፤ "ቨርቹዋል አሲስታንት"። የዳንስ ትምህርት ቤት ያለው፣ የባህል ቡድን የሚመራ፣ ጂም የከፈተ ሁሉ ረዳት ይያዝ፤ ረዳቱ መልእክት ይመልሳል፣ ተማሪ ይመዘግባል፣ ክፍያ ያስታውሳል፣ ፖስተር ያዘጋጃል፤ ባለቤቱ መጨፈር ብቻ ነው የሚቀረው ይባላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አሻሻጡ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል፤ እዚያ ላይ ነው መጣላት ያለው።

ቃሉ መጀመሪያ የሰው ስም ነበር። ቨርቹዋል አሲስታንት ማለት ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት የሌላውን ቢሮ ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። እንደ ኤኤልኤክስ ያሉ ተቋማት ለአፍሪካ ወጣቶች ይህንኑ ሙያ ያስተምራሉ፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውታል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ግን ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ማሽኑ ተሻገረ። አሁን "ረዳት ያዙ" የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ "ሶፍትዌር ተከራዩ" ማለቱ ነው።

ምፀቱን እንመልከት። አንድ ኢትዮጵያዊ ምሩቅ ሌሊት ቁጭ ብሎ የውጭ አገር ድርጅት ቀጠሮ ይይዛል፣ ኢሜይል ይመልሳል፣ ደረሰኝ ይልካል። ይህን ሁሉ የሚችል ወጣት ባለበት አገር፣ አንድ የራያ ጭፈራ ቡድን የአንድ ገጽ ውል የሚጽፍለት ሰው የለውም። ታዲያ የጎደለው ቴክኖሎጂ ነው?

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። የራያ ቆቦ ምድር ደግሞ የጨዋታ ድሃ አይደለም። በነሐሴ አጋማሽ ላስታ አሸንድዬን፣ ዋግ ሻደይን ሲጫወቱ፣ የቆቦ ልጃገረዶች ሶለልን ይጫወታሉ። የራያ ጭፈራ የራሱ ምት፣ የራሱ አዘላለል፣ የራሱ የዱላ አያያዝ አለው። አንድ የወጣቶች ቡድን እዚያ ተቋቁሟል እንበል፤ ሃያ ልጆች፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ የተከራየ ክፍል። ይህ ቡድን ጭፈራ ከማሽን አይማርም። የሚያስፈልገው ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከፈለ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ጠርቶ ሳይከፍል ቀረ የሚለውን የሚይዝ እጅ ነው።

ይህን እጅ ማሽን ይተካዋል የሚሉ ሰዎች ሦስት ነገር አያዩም።

አንደኛው ቋንቋ ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚማሩት ከተጻፈ ነገር ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ የራያ አነጋገር የተጻፈበት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ፊደላችን በማሽኑ ውስጥ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ስለሚቆራረጥ፣ ያንኑ ሐሳብ በአማርኛ ማስኬድ ብዙ ጊዜ የበለጠ ያስከፍላል። አማርኛውን ከትግርኛና ከኦሮምኛ ቃል ጋር ቀላቅላ የምትናገር የራያ እናት "ልጄ ለምን አመሸ?" የሚል የድምፅ መልእክት ብትልክ፣ መልስ መስጠት ያለበት እናቲቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ ጭፈራው ሲጠየቅም ማሽኑ የኢትዮጵያን ውዝዋዜ ሁሉ በትከሻ እስክስታ ሊያጠቃልለው ይችላል። ያ ያልታረመ መግለጫ ፖስተር ላይ ሲወጣ፣ ራያ በራሱ ገንዘብ የራሱን ጨዋታ ስም አጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢዋን ሲያጥለቀልቅ መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት ጠፉ። ጦርነቱ እንደገና የፈነዳው ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚያው ቆቦ ዙሪያ ነው፤ በሶለል ሰሞን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና በአብዛኛው የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። የቡድኑ ስም ዝርዝር፣ ሒሳቡና ውሉ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በእነዚያ ወራት ቡድኑ ራሱን አያውቅም ነበር። የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ኢንተርኔት ሲቆረጥበት ይበሳጫል። የጎብዬው ቡድን ግን ሲቆረጥ የሚሠራ አሠራር ከሌለው ይፈርሳል።

ሦስተኛው የልጆቹ ምስል ነው። ልምምዱ ይቀረጻል፤ ቪዲዮው ወደ ረዳቱ ይጫናል፤ ከልጆቹ ስምና ከወላጆች ስልክ ጋር። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ማን ጠየቀ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለከዋኙ በክዋኔው ላይ መብት ይሰጠዋል። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን "ቅዳ" ወይም "አትቅዳ" ብሎ የሚፈርም ሰው ከሌለ አዋጁ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ማሽኑ ይጣል? አይጣል። ቦታው ይታወቅ እንጂ። ደብዳቤ ያርቅቅ፣ ሒሳብ ይደምር፣ የውል ረቂቅ ያቅርብ፣ ለውጭ ፌስቲቫል የሚላከውን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ያስተካክል። እነዚህ የጭፈራ ልጆችን ለዓመታት ከበር የመለሱ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ማሽኑ መሣሪያ ነው፤ ጸሐፊው ሰው ይሁን። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። ከምሩቃኑ አንዷ ወይም አንዱ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለሦስትና ለአራት ቡድኖች ይሥራ። አንድ ደብተር በእጅ፣ አንድ ቅጂ በስልክ። ክፍያ በቴሌብር ይግባ፤ *127# ያለ ዳታም ይሠራል። ማን እንደሚጨፍርና ማን እንደሚቀር፣ የታመመ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጭፈራው በምን ስም እንደሚጠራ ግን ማሽኑ አይወስን።

"ገቢ የሌለው ቡድን ጸሐፊ በምን ይቀጥራል?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡድኑ ገቢ ያጣው ግን የሚጠይቅለት ሰው ስለሌለው ነው። ጸሐፊው ካስከፈለው ላይ ከአሥር አንድ ይውሰድ፤ ካላስከፈለ አይውሰድ። የባህል ጽሕፈት ቤቶችም ለበዓል ከሚያሠሩት ቲሸርት ላይ ቀንሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት ይሸፍኑ። ቲሸርቱ በሁለት እጥበት ይለቃል፤ ደብተሩ ይቀራል።

"ባህል በገንዘብ ይረክሳል" የሚለው ወገንም መልስ ይገባዋል። በሠርግና በሶለል ለጎረቤት መጨፈር ሌላ ነው፤ እዚያ ዋጋ የጠየቀ ነውረኛ ነው። በጀት ይዞ፣ ካሜራ ይዞ፣ ፕሮግራም አትሞ የጠራ መሥሪያ ቤት ግን ጎረቤት አይደለም። ደንበኛ ነው። ደንበኛ ይከፍላል።

ለሙያተኛው የደብተር ጉዳይ እንግዳ አይደለም። መላኩ በላይ በካዛንቺስ ፈንድቃ በሰው ሽልማት እየጨፈረ ጀምሮ ቤቱን ራሱ እስከ መምራት የደረሰው እግሩ ስለፈጠነ ብቻ አይደለም፤ ቤት ማስተዳደርንም ሥራዬ ብሎ ስለያዘ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ መልሶ ማልማት ያንን ቤት ሲያፈርሰው ሥራው በሌላ ቦታ ቀጠለ። ቤት ይፈርሳል፤ ስም፣ ደንበኛና መዝገብ ያለው ግን አብሮ አይፈርስም። ጎብዬን የመሰለች ጦርነት ደጋግሞ የረገጣት ከተማ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት "ቡድኑን ላኩልን" ብሎ ሲደውል፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይኑር። "እሺ" ከማለቱ በፊትም ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ስንት ነው? ማን ይቀርጻል? መቼ ይከፈላል? መልሱ በጽሑፍ ይምጣ። ከበሮው የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው።