ረግረግ ባዶ መሬት አይደለም

የሃንትሊ ሜዶውስ ፓርክ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ይገኛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው የአሌክሳንድሪያ ሰፈሮች ሩቅ አይደለም፤ መግቢያውም በነጻ ነው። ከጎብኚዎች ማእከሉ ተነስቶ ዞሮ ወደዚያው የሚመልሰው የእግር መንገድ መጀመሪያ በጫካ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ዛፎቹ ድንገት ያበቁና መንገዱ ግማሽ ማይል በሚያህል የጣውላ ርብራብ ላይ ሆኖ ረግረጉን ያቋርጣል። በግራና በቀኝ ፊላው በነፋስ ይወዛወዛል፤ ሳቢሳ ሳትንቀሳቀስ ቆማ ዓሣ ታደባለች፤ ኤሊዎች በወደቀ ግንድ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በእርጋታ የሚራመድ ሰው ዙሩን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል።

ይህን ያየ ሰው «ሰዎቹ ተፈጥሮን ሳይነኩ እንዴት አቆዩት!» ብሎ ቢደነቅ ተሳስቷል። ከ1,500 ኤከር የሚበልጠው ይህ መሬት ያልተነካ አልነበረም። ታርሷል። በ1920ዎቹ አንድ ባለሀብት ትልቅ የአየር ማረፊያ ሊሠራበት አስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረና መሬቱ በፌዴራል መንግሥቱ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ የአስፋልት ጥንካሬ ተፈትኖበታል፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ዋና ከተማዋን ለመጠበቅ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተተክሎበታል፤ የባሕር ኃይሉም የሬዲዮ ምርምር አካሂዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1975 የፌዴራል መንግሥቱ መሬቱን በ1 ዶላር ለካውንቲው አስተላለፈ፤ ነገር ግን መናፈሻ ሆኖ እንዲኖር አስቦ ነው። በኋላም አውራ ጎዳና በውስጡ እንዲያልፍ ሲታቀድ ነዋሪዎች ተደራጅተው ተቃወሙ፤ ጎዳናው አልተሠራም።

ረግረጉ የዛሬውን መልክ እንዲይዝ ያደረገው በጥርሱ ዛፍ እየቆረጠ ጅረት የሚገድበው ቢቨር የተባለ እንስሳ ነው። ይሁን እንጂ በዙሪያው ከተስፋፉት ሰፈሮች እየታጠበ የሚመጣው ደለል ውኃውን አሳጠረው፤ በውስጡ የሚኖረው ፍጥረትም ተመናመነ። ካውንቲው «ተፈጥሮ ራሷን ታድናለች» ብሎ አልተቀመጠም። ከረጅም ዓመታት ጥናትና የሕዝብ ክርክር በኋላ ዝቅተኛ የአፈር ግድብና የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራለት፤ ጥልቅ ኩሬዎችም ተቆፈሩለት። ሥራው በ2014 ተጠናቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ የውኃው ከፍታ በባለሙያ የሚጠበቅ ጉዳይ ሆኗል። በሌላ አነጋገር፣ ጎብኚው በርብራቡ ላይ ቆሞ የሚያደንቀው ውበት የውርስ መሬት ሕግ፣ የዓመታዊ በጀት፣ የነዋሪ እምቢታና የጥገና ሠራተኛ ድካም ውጤት ነው።

የኢትዮጵያ የአካባቢ ጥበቃ ንግግር የጎደለው ይህንኑ ነው። ንግግሩ ዛፍ ያውቃል፤ ውኃ አዘል መሬትን ግን አያውቅም። መንግሥት በሐምሌ ወር 2019 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ አስታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የየዓመቱ ስኬት የሚለካው በተተከለ ችግኝ ቁጥር ነው። ችግኝ መትከል መልካም ነው። ነገር ግን የተተከለውን መቁጠር ቀላል የሆነው መትከል የአንድ ቀን ሥራ በመሆኑ ነው፤ ረግረግን መጠበቅ ግን የምረቃ ቀን የለውም። ሪባን የሚቆረጥለት፣ ፎቶግራፍ የሚነሳለት ነገር ስለሌለው በሪፖርት ውስጥ ቦታ አያገኝም። ከዚያም አልፎ፣ ረግረግ በብዙ አስተዳዳሪ ዓይን «ጥቅም ላይ ያልዋለ» መሬት ነው፤ ወይ ይጠነፈፋል፣ ወይ ለግንባታ ይታደላል፣ ወይም ውኃ መጣጩ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። የመጨረሻው በአረንጓዴነት ስም ረግረግን ማድረቅ ነው።

የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ በዓይን ታይቷል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በመስኖ፣ በከተማ ፍጆታና በደለል ተጎድቶ በ2000ዎቹ ዓመታት ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሷል፤ ጠባቂ ሥርዓት ካልተበጀለት ግን የተመለሰ ውኃ ዳግም መሄዱ አይቀርም። አብያታ ሐይቅ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ እያለ ሸሽቷል፤ ወደ እርሱ የሚፈሰው ውኃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ተቀድቷል። በወረቀት ላይ የሰፈረ የፓርክ ድንበር ከወሰኑ ውጭ የሚጀምረውን ውኃ አያድንም።

ስለ ጣና ዲያስፖራው ራሱም መጠየቅ አለበት። እምቦጭ ሐይቁን ሲወር በውጭ ያለው ወገን ገንዘብ አዋጥቶ የማጨጃ ማሽን እንዲገዛ ረድቷል። ቅንነቱ አያጠያይቅም። ሆኖም ማሽን አረሙን ያጭዳል እንጂ አረሙን የሚያፋፋውን ከእርሻና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ አያጣራም። ያንን የማጣራት ሥራ ያለ ደመወዝ የሚሠራው የሐይቁ ዳር ረግረግ፣ ደንገሉና ፊላው ነው። ረግረጉ እየታረሰና እየጠበበ ሳለ ለማሽን ብቻ ማዋጣት፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሳይደፈን ወለሉን መወልወል ነው።

«ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ የተራበ ሰው ወፍ ለማየት መንገድ አይሠራለትም» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። መከራከሪያው ግን ነገሩን ገልብጦ ያየዋል። በፌርፋክስ ረግረጉ ቢጠፋ ነዋሪው የሚያጣው የእሑድ መንሸራሸሪያውን ነው። በጣና ዙሪያ ግን ረግረግ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ቤት የሚከደንበት ሣር፣ በበጋ ከብት የሚሰማራበት ግጦሽና ዓሣ የሚራባበት ስፍራ ነው። ቅንጦቱ ረግረግን መጠበቅ ሳይሆን ማጥፋት ነው። በእርግጥ በኢትዮጵያ «ጥበቃ» የሚለው ቃል ገበሬና አርብቶ አደርን ከቀዬው ለማፈናቀል ሲውል ኖሯል፤ ያ ታሪክ መደገም የለበትም። ስለዚህ ከፌርፋክስ መወሰድ ያለበት አጥሩ ሳይሆን ርብራቡ ነው።

ርብራብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ሰው ረግረጉን ሳይረግጥ መካከሉ እንዲደርስ ያደርጋል፤ በዚህም ምስክር ያፈራል። በየሳምንቱ ዙሩን የሚሄድ ሰው ውኃው ሲጎድል፣ ፊላው ሲደርቅ፣ ወፎቹ ሲሸሹ ከማንም በፊት ያያል፤ ያየ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ባሕር ዳር አጠገብ ወይም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚዘረጋ፣ የአካባቢው ወጣቶች የሚመሩትና የሚጠግኑት፣ አጫጁና ዓሣ አጥማጁ ሳይከለከል የሚገለገልበት የእግር መንገድ ከብዙ ዐውደ ጥናት ይልቅ ረግረጉን ያቆየዋል። ተማሪው ስለ አገሩ ውኃ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእግሩ ይማራል፤ ባለሥልጣኑም በሺህ ዓይን በሚታይ መሬት ላይ አፈር ለመድፋት ያመነታል።

እንግዲህ ዲያስፖራው ለሚቀጥለው የአረንጓዴ ዘመቻ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። መሬቱ ለሌላ ጥቅም እንዳይውል የሚያስር ምን ሕጋዊ ግዴታ አለ? ከአሥር ዓመት በኋላ የውኃውን ከፍታና ደለሉን የሚከታተለው ማን ነው፣ ደመወዙስ ከየት ይመጣል? የአካባቢው ሕዝብ ገብቶ ሊያየውና ሊጠቀምበት ይችላል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ዘመቻ ስንት ሚሊዮን ችግኝ ቢቆጥርም ጥበቃ ሊባል አይችልም። መልስ ያለው ግን አንድ ረግረግ ብቻ ቢያተርፍ እንኳ ገንዘቡም ድካሙም ይገባዋል።