የምስለኔው ስም ቀረ፤ የገበሬዎቹስ?

«ቦይኮት እናድርግ!» እንላለን። ለመሆኑ ቦይኮት ማን ነው? ሰው ነው እኮ! በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ አውራጃ፣ የሎርድ ኧርን መሬት ምስለኔ የነበረ እንግሊዛዊ።

ሜዮ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ 389 ሺህ ሕዝብ ነበራት። ድንቹ በበሽታ በሰበሰ፤ ኪራዩ ግን አልቀረም። ረሀብና ስደት ተፈራረቁባትና በ1851 የቀረው ሕዝብ 275 ሺህ አልሞላም። መኸሩ ዳግመኛ ሲከፋ፣ በ1879 ጭሰኛው በአይሪሽታውን ተሰበሰበ፤ በካስልባርም የመሬት ማኅበር አቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ ማይክል ዳቪት በአራት ዓመቱ ከነቤተሰቡ ከሜዮ የተፈናቀለ ነው።

በ1880 ቦይኮት ጭሰኞችን ሊነቅል ሲነሣ ሕዝቡ ጠመንጃ አላነሣም፤ ፊቱን አዞረበት። አጫጁ አላጭድም፣ ልብስ አጣቢዋ አላጥብም፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ። ሃምሳ አጫጆች በሺህ ገደማ ወታደር ታጅበው ከሌላ አውራጃ መጡ። አምስት መቶ ፓውንድ ለሚገመት ሰብል አሥር ሺህ ያህል ወጣ ይባላል! ቦይኮትም አገሩን ለቆ ሄደ።

ታዲያ ታሪክ ምን አቆየልን? የምስለኔውን ስም! የልብስ አጣቢዋንስ ማን ያውቃል?

«የአንድ አውራጃ ወሬ ምን ይረባናል?» የሚሉ ጓዶች አሉ። ይኼ አነጋገር የባላባት ነው። ታላቁ ታሪክ ከየት ሊመጣ ኖሯል፣ ከየመንደሩ ካልሆነ? በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡትን ተማሪዎች ስም እናውቃለን፤ የስንት ጭሰኛ ስም መዝግበናል?

ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ፣ እንጻፍ። አለዚያ እኛም የምስለኔ ጸሐፊዎች ነን።