የቻይና ባህላዊ መድኃኒትና ውፍረትን የመቀነስ ምኞት

ወፍራምነት በብዙ አገር የምቾትና የሀብት ምልክት ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ከታወቀ ወዲህ ግን የከበደውን ሰውነት ለማቅለል የማይሞከር ነገር የለም። ከሚሞከሩትም አንዱ የቻይና ባህላዊ መድኃኒት ነው። ሻጮቹ «ሁለት ሺህ ዓመት የተፈተነ» ይሉታል። የእኔ ክርክር ከሕክምናው ጋር ሳይሆን ከዚህ አነጋገር ጋር ነው።

አስቀድሞ ሕክምናው ራሱ ስለ ውፍረት የሚለውን መስማት ይገባል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ የተጠናቀረው የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የሕክምና መጽሐፍ፣ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ ዘወትር የሚበላ ሰው ስለሚያድርበት የጥም በሽታ ይናገራል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ይህን ከስኳር በሽታ ጋር ያዛምዱታል። ትምህርቱ እንደሚለው ጣፊያ ምግብን ማዋሐድ ሲሳነው እርጥበትና አክታ በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ውፍረትም ከዚያ ይመጣል። ይህ ከዛሬው የሰውነት ትምህርት ጋር አይስማማም፤ ጣፊያ ምግብ አይፈጭምና። ሆኖም የድሮው ሐኪም የበሽተኛውን ምላስ ያያል፤ የደም ሥሩን ትርታ በጣቱ ያዳምጣል፤ ስለሚበላውና ስለ እንቅልፉ ይጠይቃል፤ መድኃኒቱንም ለዚያው ሰው ለይቶ፣ መጥኖ ያዛል። በየሱቁ ተደርድሮ የሚሸጠው እንክብል ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያደርግም።

በቤልጂየም ዋና ከተማ በብራስልስ የደረሰውን ነገር እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያች ከተማ ውፍረት መቀነስ ለሚሹ ሰዎች መድኃኒት የሚሰጥ አንድ ክሊኒክ ነበረ። በ1990 ዓ.ም. ከሚሰጠው እንክብል ጋር የሁለት የቻይና ዕፀዋት ዱቄት ጨመረ። በ1992 ዓ.ም. ከደንበኞቹ መካከል ሁለት ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት እየደከመ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሌሎችም ተከተሉ። ዣን ሉዊ ቫንኸርቬገም የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ነገሩን መርምረው በ1993 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳወቁ። ውሎ አድሮ የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ100 በላይ ሆነ። ብዙዎቹ ደማቸው በመሣሪያ እየተጣራ ለመኖር ወይም የሌላ ሰው ኩላሊት ለማስተከል ተገደዱ።

ጥፋቱ ከስም መመሳሰል የመነጨ ነበር። በቻይና «ፋንግ ጂ» የሚለው ስም ለተለያዩ ሥሮች ይሰጣል። ሃን ፋንግ ጂ የሚባለው ስቴፋኒያ ከተባለ ዕፅ የሚገኝ ሲሆን፣ ጓንግ ፋንግ ጂ የሚባለው ግን የአሪስቶሎኪያ ወገን ነው። ክሊኒኩ የፈለገው የመጀመሪያውን ነበር፤ የደረሰው ግን ሁለተኛው ነው። አሪስቶሎኪያ ኩላሊትን የሚያጠወልግና ነቀርሳ የሚያመጣ አሲድ አለው። በ2000 ዓ.ም. በወጣ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ የማይሠሩትን ኩላሊቶቻቸውንና የሽንት ቧንቧዎቻቸውን ለጥንቃቄ ካስወጡት 39 ተጎጂዎች በ18ቱ ላይ ነቀርሳ ተገኝቷል።

ይህን የሰማ ሰው የቻይናን ሕክምና በሙሉ ቢኰንን ፍርዱ የተቻኰለ ይሆናል። በቻይና ፋንግ ጂ ለእብጠትና ለቁርጥማት ይታዘዝ የነበረ ሥር ነው። የብራስልሱ ክሊኒክ ግን ለመቅጠኛ አደረገው፤ የምግብ ፍላጎት ከሚዘጉ የፋብሪካ መድኃኒቶችም ጋር ደባልቆ ለብዙ ወራት ሰጠው።

ይሁን እንጂ የቻይና ዐዋቂዎችንም ከነገሩ ፈጽሞ ማውጣት አይቻልም። አሪስቶሎኪያ ያለባቸው መድኃኒቶች በዚያው በቻይናም ሲሰጡ ኖረዋል። የቻይና መንግሥት ከዚሁ ወገን የሆነውን ጓን ሙ ቶንግን ያገደው በ2003 ዓ.ም.፣ ጓንግ ፋንግ ጂን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ዘመን እንዴት ሳይታወቅ አለፈ? ጠዋት ተጠጥቶ ማታ የሚገድለውን ቅጠል ማንኛውም መንደር ለይቶ ያውቀዋል። ዛሬ ተጠጥቶ ከዓመታት በኋላ ኩላሊት የሚያደክመውን ግን የትኛውም ሽማግሌ በዐይኑ ሊለየው አይችልም፤ በሽተኛው ሲወድቅ መድኃኒቱ ተረስቷልና። የዘመን ርዝመት ብቻውን ፈተና የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመቅጠን የሚሸጡት ሻዮች ነገር ብዙ ቃል አያሻውም። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰነመኪ ወይም ዳ ሁዋንግ የሚባለው ሥር ነው፤ ሁለቱም ሆድ ያስቀምጣሉ። ጠጪው በማግስቱ ሲመዘን ኪሎው ቀንሶ ያገኘዋል። የወጣው ግን ውኃ ነው፤ ስቡ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«የፋብሪካ መድኃኒትስ ጎድቶ የለምን?» የሚል አይጠፋም። ጎድቷል። ሲቡትራሚን የተባለው የመቅጠኛ መድኃኒት ለልብ አደገኛ ሆኖ ስለ ተገኘ በ2010 ዓ.ም. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። የሚያሳዝነው፣ ተቆጣጣሪዎች «ከቅጠል ብቻ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባቸው እንክብሎች ውስጥ ይህንኑ ሲቡትራሚን ተደብቆ ደጋግመው ማግኘታቸው ነው። ገዢው ከፋብሪካ ሸሽቶ የገባው እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው።

የቻይና ዕፅ እምነት የሚያገኝበት መንገድ ግን አለ። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ በ4ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ሲያነቡ፣ ቺንግ ሃው የሚባለው ቅጠል ሳይፈላ በውኃ ተዘፍዝፎ እንዲጨመቅ የሚያዝ ቃል አገኙ። እርሳቸውም ሙቀቱን ዝቅ አድርገው ቅመሙን አወጡ፤ በእንስሳት ፈተኑት፤ በ1972 ዓ.ም. በራሳቸው ላይ ሞከሩት፤ ከዚያም ለወባ በሽተኞች ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አገራችንም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ወባን የምታክመው ከዚሁ ቅጠል በተገኘ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ አሮጌው መጽሐፍ ፍንጭ ሰጠ፤ ማረጋገጫ የሰጠው ግን ፈተናው ነው።

ማ ሁዋንግም በቻይና ለጉንፋንና ለአስም በሐኪም እየተመጠነ የሚታዘዝ ዕፅ ነው። በውስጡ ያለው ኤፌድሪን ደረትን ይከፍታል፤ ልብንም ያስሮጣል። በአሜሪካ ነጋዴዎች ከካፌይን ጋር ደባልቀው ለመቅጠኛ ቸበቸቡት፤ ልባቸው ድንገት የቆመና ደም በአንጎላቸው የፈሰሰ ሰዎች ታዩ። በ2004 ዓ.ም. የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመቅጠኛውን እንክብል ከገበያ አገደ። እገዳው በባህላዊው ሥርዓት ማ ሁዋንግን ለሳል የሚያዙትን የቻይና ሐኪሞች አልነካም።